ቀና ሳልል

መካኒሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሸምሱ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። ያለህበት አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ሲሉ ሰምቼ ይህ ልጅ ምን ለብሶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። አላህ ከክፉ ይሸፍንህ፤ ትምህርቱን ያግራልህ፤ በሰላም ለወገንህ ያብቃህ። እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። አባትህም ደህና መሆናቸውን ከስልጤ የመጣ ሰው ነግሮኛል፤ እንሰቱ ዘንድሮ አምሯል አለ።

የእናቴ አጎት ልጅ ብትሆንም እኔ ቤት አድገህ ከእኔ ቤት ስለሄድክ የምደብቅህ የለም። ሥራው አልሆነልኝም። ሰዒድ ወደ ምሥራቅ ከዘመተ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ከመጀመሪያዋ ደብዳቤ ወዲህ ባሌ ይኑር ይሙት አላውቅም። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ «ሲኖር ይነገርሻል» ይሉኛል። ፋብሪካው ደግሞ አሁን የሚያሰፋን የወታደር ሸሚዝ ነው። የእኔ ድርሻ እጅጌ መግጠም ነው። እጅጌውን ባነሳሁ ቁጥር የሰዒድ ክንድ ይመጣብኛል፤ ይሄማ ይጠበዋል እላለሁ። ልቤ ኦጋዴን ሄዶ እጄ ብቻ መኪናው ላይ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ እየገጠምኩ አንድ እስር ሙሉ ሸሚዝ አበላሸሁ። ካቦው ምትኩ አንዱን ሸሚዝ ሰው ሁሉ እያየ ከፍ አድርጎ ያዘና «ይኼ ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?» አለኝ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ አንተም ታውቃለህ።

ያተረፈችኝ ተናኘ ናት። አጠገቤ የምትሰፋው፣ አንተ ምሳ ልታቀብለኝ ስትመጣ ዓይንህን የማትነቅልባት ልጅ። ብድግ ብላ «አሻጥር አይደለም፤ እኔ ነኝ ሳዋራት የነበረው» አለች። አላዋራችኝም ነበር። ከዚያም እስኪመሽ አብራኝ ፈታች፣ አብራኝ ሰፋች።

እዚያ ለሥልጠና ከመጡት መኮንኖች መካከል ስለ ሰዒድ የሚያውቅ ካለ ጠይቅልኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

እህትህ ዙሌካ


ካርል ማርክስ ሽታት፣ ምሥራቅ ጀርመን
ኅዳር 25 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለዙሌካ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሰላምታዬ ከዚህ በረዶ ተነስቶ ባሕሩን ተሻግሮ ደጃፍሽ ድረስ ይድረስ። አላህ ልብሽን ያሳርፈው።

ስለ ሰዒድ ጠይቄያለሁ። ያገኘኋቸው መኮንኖች የነበረበትን ክፍል አያውቁትም። አልተውኩም፤ ሌሎችንም እጠይቃለሁ።

ስለ ሥራሽ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እዚህ የምንማረው የስፌት መኪና ጥገና ብቻ አይደለም። ሥራ እንዴት እንደሚደራጅ፣ የሠራተኛ ኮታ እንዴት እንደሚወጣም እንማራለን። በምንለማመድበት ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሏን ያጣች አንዲት አሮጊት ሰፊ አለች። ከእጇ የሚወጣው ሥራ እንከን የለውም። እንዴት ቻልሽው ብዬ ጠየቅኋት። የነገረችኝን በእኛ ኑሮ ልክ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ጠዋት ሱብሒ ሰግደሽ ስትጨርሺ ወዲያው አትነሺ፤ እዚያው ቁጭ በዪ። ስለ ሰዒድ የምታስቢውን ሁሉ ያን ጊዜ አስቢው። ዱዓ አድርጊለት፤ ዕንባ ከመጣም ይምጣ። ቀኑን ሙሉ ከሚያሳድድሽ በጠዋቱ ቁጭ ብለሽ ተቀበዪው ማለቴ ነው። ከዚያ «ማታ እመለሳለሁ» በዪውና ውጪ። ፋብሪካ ስትደርሺ ክምሩን አትዪ፤ በሩንም አትዪ። ከፊትሽ ያለውን አንድ እጅጌ ብቻ ያዢ። እሱን ሳትጨርሺ ቀና አትበዪ። ሐሳብሽ ቢሄድ ራስሽን አትቆጪ፤ መልሺውና እንደገና አንድ እጅጌ። ሌላ ጥበብ የለውም። የሚያስፈልገው በየቀኑ ሳያቋርጡ ማድረግ ነው።

ተናኘን ስላደረገችልሽ ነገር አመሰግናታለሁ በዪልኝ። ሰላምታዬንም አድርሺልኝ። ያ ሳሏ ተሻላት?

ወንድምሽ ሸምሱ


መካኒሳ፣ ጥር 30 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሸምሱ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይውረድ። ይህን ምክር የሰጠህ ጌታ አንተንም አይጣልህ።

የነገርከኝን ያዝኩት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። መስገጃው ላይ ቁጭ ስል ከማልቀስ በቀር ምንም አልሆነልኝም፤ ዓይኔ አብጦ ነበር ሥራ የምገባው። እያደር ግን አንድ ነገር መጣ። ጠዋት ከሰዒድ ጋር የሚጫወት ሰው ሆንኩ። ጣራው ማፍሰሱን፣ የስኳር ሰልፉ መርዘሙን፣ የናፈቅኩትን ሁሉ እነግረዋለሁ። «ማታ እመለሳለሁ» ብዬው በሩን ስዘጋ እውነትም እዚያው ቤት የቀረ ይመስለኛል። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ልቤ ጸጥ ይላል።

መኪናዬ ላይ ስቀመጥ ደግሞ አንድ እጅጌ፣ ከዚያ ሌላ አንድ እጅጌ። ጡሩንባው ሲነፋ «መሸ እንዴ?» እላለሁ። ስህተት ከእጄ ጠፋ። ያ አሻጥር ያለኝ ምትኩ አሁን ሲያልፍ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጋል። የእኔን ሥራ አይቶ «እሷ ከቻለች ሌላው የማይችልበት ምክንያት የለም» ብሎ የመስመራችንን ኮታ ከፍ አደረገው። ሴቶቹ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ይለምዱታል።

ተናኘም ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ የሆንሽው ብላ ጠየቀችኝ። በምሳ ሰዓት እነግርሻለሁ አልኳት። ግን ምሳዬን አሁን ቶሎ ጎርሼ ወደ መኪናዬ ስለምመለስ እስካሁን አላወጋኋትም። ሰላምታህን አደርስልሃለሁ።

ዙሌካ


ካርል ማርክስ ሽታት፣ የካቲት 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለጀግናዋ እህቴ፣

ጤናሽ ይብዛ፤ ቤትሽ ሰላም ይሁን። ደብዳቤሽን ሳነብ ከደስታዬ ብዛት አብሮኝ የሚኖረውን ልጅ ቀስቅሼ አነበብኩለት። አየሽ፣ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰው የሚያቅተው ስለሚከብድ ሳይሆን ስለማይዘልቅበት ነው። ኮታው ከፍ ማለቱ ትክክል ነው። አገራችን ከድህነት የምትወጣው በምርት ነው፤ እኛም ክፍል ውስጥ የምንማረው ይህንኑ ነው። አሁን አትዘናጊ። አንድ ቀን ከተውሽው ሁለተኛውን ቀን መተው ይቀላል።

ስለ ሰዒድ እስካሁን የተገኘ ወሬ የለም።

ተናኘ ሰላም ብላኛለች? ምንም አልጻፍሽልኝም። ሸምሱ በየቀኑ ያስብሻል በያት። አዎ፣ እንዲሁ እንደጻፍኩት ንገሪያት።

ሸምሱ


መካኒሳ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሸምሱ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ለላብ አደሮች ቀን ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ተሸለምኩ። መድረክ ላይ አውጥተው ከደረቴ ላይ ምልክት ለጠፉልኝ፤ ሰው አጨበጨበ። ስማቸውን የማላውቃቸው ትልቅ ሰው እጄን ጨብጠው «እንደ አንቺ ያሉ ሴቶች ይብዙልን» አሉኝ። ፎቶግራፌ በፋብሪካው መግቢያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። አንዱን ቅጂ ልኬልሃለሁ። ነጠላዬ ተንሸራቷል፤ አትሳቅብኝ።

መሸለሜን ለሰዒድ በማግስቱ ጠዋት ነገርኩት።

ስለ ተናኘ የጠየቅከኝን በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። ዛሬ እጄ ደክሟል።

እህትህ ዙሌካ


ካርል ማርክስ ሽታት፣ ሰኔ 15 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለኮከቧ እህቴ፣

ደስታሽ ደስታዬ ነው፤ አላህ ከዚህ የበለጠ ያሳይሽ። ፎቶግራፉን ለመምህራችን አሳየሁት። ክፍሉ ፊት አስነስቶኝ ያንቺን የጠዋት ልማድ በጀርመንኛ አስረዳሁ። አስተዳደግሽንም፣ ባልሽን መጠበቅሽንም ሳይቀር። ሁሉም አጨበጨቡ።

አሁን ግን የምጽፍልሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ መናገር ነበረብኝ፤ ዓይን አፋርነት ያዘኝ። ስመለስ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ፊት ቀርቤ «ልጅዎን ተናኘን ይስጡኝ» ልላቸው ነው። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በሁለቱም ወገን ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ። ግን ከመሄዴ በፊት «እጠብቅሃለሁ» ብላኛለች። አድራሻዬን ይዛ እንኳ አልጻፈችልኝም። ደብዳቤ መጻፍ ታፍራለች፤ ፊደሏ አያምርም ትላለች። እኔም ደብዳቤዬ እናቷ እጅ እንዳይገባ ፈርቼ በቀጥታ አልጻፍኩላትም። ለዚህ ነው በየደብዳቤው አንቺን የማስቸግርሽ። መልሷን ካንቺ እጠብቃለሁ።

ሸምሱ


መካኒሳ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? አላህ ይጠብቅህ። እዚህ ዝናቡ ፋታ አልሰጠም፤ ወንዙ ሞልቶ ታች ያሉትን ቤቶች ውሃ ገባባቸው።

ተናኘ ሥራ ለቃለች፤ እናቷ ጋ ናት። ሰላም ብላሃለች።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ለከባድ ሳል፣ ለሳንባ የሚሆን መድኃኒት እዚያ ይገኝ ይሆን? እዚህ ሐኪም ያዘዘው ከየመድኃኒት ቤቱ ጠፍቷል። የመድኃኒቱን ስም ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። ለጎረቤት ነው። ቶሎ ቢሆን።

ዙሌካ


ካርል ማርክስ ሽታት፣ መስከረም 6 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዙሌካ፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ። መድኃኒቱን ወደ አገር ቤት በሚገባ ልጅ ላኩልሽ፤ ሳምንት ሳይሞላ ይደርሳል። ስሙን ያየ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መሆኑን ነግሮኛል።

እህት ዓለም፣ ያ ጎረቤት ማነው? ተናኘ ለምን ሥራ ለቀቀች? ምን አለችሽ? «ሰላም ብላሃለች» ብለሽ ያለፍሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እባክሽ በዝርዝር ጻፊልኝ።

ሸምሱ


መካኒሳ፣ ኅዳር 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ወንድሜ ሸምሱ፣

አላህ ጽናቱን ይስጥህ። ሌላ አጀማመር ፈልጌ አጣሁ። እባክህ ተቀምጠህ አንብበው።

ተናኘ አርፋለች። መድኃኒቱን የያዘው ልጅ በሬን ያንኳኳው በሠልስቷ ማግስት ነው። ጎረቤት ያልኩህ እሷ ነበረች። ለአንተ ለመጻፍ ሁለት ወር እጄ እምቢ አለኝ።

ሁሉንም ልንገርህ። ከተሸለምኩ በኋላ ሥራ በገባን ቀን ሴቶቹ ሰሌዳው ጋ ቆመው ፎቶግራፌን ያያሉ። ተናኘ ከመካከላቸው የለችም። ከሁሉ በፊት እሷ ታቅፈኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ከአጠገቤ የማላውቃት ልጅ ተቀምጣለች።

«ተናኘ አልመጣችም?» አልኳት።

«ተናኘ ማናት?» አለችኝ። «እኔ እዚህ ከተመደብኩ ቆየሁ እኮ፣ እትዬ።»

ምትኩን ሄጄ ጠየቅኩት። መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። «ኮታውን መሙላት አቃታት። ወደ መቁረጫ ክፍል አዛወርናት፤ እዚያም ብናኙ አልተስማማትም መሰለኝ ቀረች። ምነው፣ እዚሁ አጠገብሽ አልነበር እንዴ የተጨቃጨቅነው? እያለቀሰች አልነበር እንዴ ዕቃዋን የሰበሰበችው?»

ሸምሱ፣ አልሰማሁም። ክንዷ ክንዴን ይነካ ነበር። አንድ እጅጌ እያልኩ፣ ቀና ሳልል፣ ከአጠገቤ ተገፍታ ወጣች። ስታስል አልሰማሁም። ስታለቅስ አልሰማሁም። ሌላ ሰው በቦታዋ ሲቀመጥም አላየሁም።

ያን ዕለት ከሥራ እንደወጣሁ ነፋስ ስልክ እናቷ ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በሩን ይዘው ቆሙ። «ዛሬ ገና መጣሽ?» አሉኝ። ከውስጥ «እማዬ፣ ዙሌካ ናት? አስገቢያት» የሚል ድምፅ መጣ። ድምፁን አላወቅኩትም፤ እንደዚያ ተሰብሮ ነበር።

አልጋው ውስጥ ያለች አትመስልም፤ ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ ነው። ከተቀመጥኩ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝን ታውቃለህ? «ሸምሱ አልጻፈም እንዴ?» ነው ያለችኝ።

በዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንዱንም ሰላምታህን አላደረስኩም። ነገ እነግራታለሁ፣ በምሳ ሰዓት እነግራታለሁ እያልኩ ሁሉም ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እሷ የረሳሃት መስሏት ከርማለች። በማግስቱ ደብዳቤዎችህን ይዤ ሄድኩና አንድ ባንድ አነበብኩላት። «ሸምሱ በየቀኑ ያስብሻል በያት» የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። «ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። የሰኔው ደብዳቤህ ሲደርስ ደግሞ በሩጫ ነው የወሰድኩላት። እናቷ እየሰሙ አነበብኩት። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ተነስተው ወጡ፤ ደጅ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። ተናኘ ግን ሳቀች። «እማዬን እንዴት አድርጎ ሊያሳምናት ነው?» አለች። ሳቁ ሳል ሆነባት።

አንድ ቀን ይቅር በይኝ አልኳት። ወዲያው «ምንም አይደል» አላለችኝም። «ስለ ኮታው አልተቀየምኩሽም» አለች። «ኮታውን ያወጣው ምትኩ ነው። ትንፋሽ ያጠረኝ ቀን ግን ስምሽን ጠራሁ። ደጋግሜ ጠራሁሽ። ያን ቀን ተቀየምኩሽ።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «አሁን መጥተሻል» አለች።

ክረምቱን ሙሉ ከሥራ ስወጣ እሷ ጋ እሄድ ነበር። ሐኪም ቤት ተመላለስን፤ መርፌው አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ የለም ይባላል። ቀብሯ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ በራሴ ዱዓ ሸኘኋት። ማንም አልከለከለኝም።

የምትለኝን በለኝ።

ዙሌካ


ካርል ማርክስ ሽታት፣ የካቲት 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዙሌካ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሳልጽፍ ብዙ ቆየሁ። ብዙ ጀምሬ ቀደድኩ። በአንደኛው ውስጥ ሰደብኩሽ፤ በሌላው ራሴን ሰደብኩ። ሁለቱም እሷን አይመልሷትም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ። ሥራችን ሰዓት ይዞ ከሴቶቹ ጀርባ ቆሞ የእጃቸውን ፍጥነት መለካት ነው። በጣም ፈጣኗን እንለካና የሁሉንም ልክ ከእሷ እናወጣለን። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አለቃዬ ምን ሆንክ አለኝ። ሰው ሞቶብኛል አልኩት። ማን ሞተብህ ሲለኝ ምን ብዬ ልጥራት? ሚስቴ አይደለችም። እህቴ አልኩት።

«ቀና አትበዪ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ልብ እንዲያርፍ ነበር። አንቺ ብቻ ነበር የታየሽኝ።

ሐምሌ ላይ እመለሳለሁ። በየፋብሪካው እየዞረ ኮታ የሚያወጣ ቡድን ውስጥ መድበውኛል። እንዴት እንደምሠራው አላውቅም። ከአውሮፕላን ስወርድ ወዴት እንደምሄድም አላውቅም።

ሸምሱ


መካኒሳ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሸምሱ፣

አላህ ልብህን ይጠግነው፤ መንገድህን ሰላም ያድርገው። ሳትጽፍ ስትቀር የተቆረጥክብኝ መስሎኝ ነበር። አልተቆረጥክም። ይበቃኛል።

የእኔን ወሬ ልንገርህ። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ኮታው ይቀነስ አልኩ። «ሴቶቹ እየታመሙ ነው፤ ኮታው በእኔ እጅ የወጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው የለም» አልኩ። ምትኩ «ጓድ ዙሌካ፣ ተቀመጪ» አለኝ፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ከስብሰባው በኋላ ወደ ጥግ ወስዶ «አንቺ ሴትዮ፣ ልታስበይን ነው?» አለኝ። ለራሱም ለእኔም ፈርቶ ነው መሰለኝ፤ ነገሩን ወደ ላይ ሳያደርስ ተወው። ፎቶግራፌ ከሰሌዳው ላይ ወረደ። እኔንም ክር ወደሚለቀምበት ጠረጴዛ አወረዱኝ። ኮታው እንዳለ ነው። ሌላ ፈጣን ልጅ አግኝተዋል።

ክር ለቃሚዎቹ ክብ ሠርተን ነው የምንቀመጠው። ከፊቴ ሙፊዳ የምትባል ልጅ አለች፤ ቀኑን ሙሉ ወሬ ነች። ሥራዬ እንደ ድሮው አይፈጥንም። ማን እንደተከፋ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ግን አውቃለሁ።

የጠዋቱን አልተውኩትም። ከሱብሒ በኋላ ቁጭ እላለሁ። ከሰዒድ አሁንም ወሬ የለም። አሁን ስለ ተናኘም ነው የምቀመጠው፤ ቤቱ ጠቦኛል።

ስለ አዲሱ ሥራህ የምመክርህ ዕውቀት የለኝም። እምቢ በል ብልህ እምቢ ያለ ሰው የት እንደሚገባ አውቃለሁ። ካልቀረልህ ግን ሰዓቱን ከኪስህ ከማውጣትህ በፊት ከሴቶቹ ጋር ምሳ ብላ።

ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ብለሃል። ለወይዘሮ ፀሐይወርቅ መምጣትህን ባለፈው እሑድ ነግሬያቸው ነበር። ልወጣ ስል «ልጁ ሲመጣ ወደኔ አምጪው፤ እሷን የሚያውቅ ሰው ላዋራ» አሉ። ስለዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያ ማንም እንዳይወስድህ። እኔ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ሻንጣህን እንኳ ሳናስቀምጥ ነፋስ ስልክ እንወርዳለን። በዚያ በር ብቻውን መግባት ከባድ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። አብሬህ እገባለሁ።

እህትህ ዙሌካ